የሩቤላ መከላከያ የሌላት እናት መርፌዋን ሳታገኝ እንዳትቀር

በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት፣ ከከተማ በጣም ርቆ በሚገኝ ክሊኒክ አንዲት የአቦርጂናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ነፍሰ ጡር የመጀመሪያ ክትትሏን ስትጀምር ደም ይቀዳላታል። ከደም ዓይነት፣ ከቂጥኝና ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሩቤላ ምርመራም አብሮ ይላካል። ከቀናት በኋላ ውጤቱ «መከላከያ የላትም» ብሎ ይመጣል። ያን ቀን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እናቲቱ በ36ኛው እስከ 38ኛው ሳምንት ላይ ለመውለድ በአውሮፕላን ወደ ዳርዊን፣ ወደ ካትሪን ወይም ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ትሄዳለች፤ ትወልዳለች፤ ሕፃኗን ታቅፋ ትመለሳለች። ክሊኒኩ ሆስፒታሉ ከትቧታል ብሎ ያምናል። ሆስፒታሉ ደግሞ ስትመለስ ክሊኒኩ ይከትባታል ብሎ ሸኝቷታል። በሚቀጥለው እርግዝና ደሟ ሲመረመር ያው ውጤት ይመጣል።

በእንዲህ ያሉ ክሊኒኮች ያገለገልን አዋላጆችና ነርሶች ደጋግመን ያየነው ይህንኑ ነው። ክትባቱ አለ፣ ነፃ ነው፣ እናቶችም አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። የሚጠፋው በውጤቱና በመርፌው መካከል ባሉት ሰባትና ስምንት ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ስለዚያ መንገድ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩቤላ ለልጅና ለአዋቂ ቀላል በሽታ ነው። ጥቂት ቀን የሚቆይ ሽፍታ፣ መለስተኛ ትኩሳት፣ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ላይ የሚወጣ ንፍፊት፤ ከዚያ ያልፋል። ከሚያዙት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምልክት እንኳ አያሳዩም። ለፅንስ ግን ሌላ ነገር ነው። እናትየዋ በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ከተያዘች ከአሥር ፅንስ እስከ ዘጠኙ ሊጎዳ ይችላል። አደጋው በ16ኛው ሳምንት አካባቢ በጣም ይቀንሳል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ብርቅ ነው። ጉዳቱ የዓይን ሞራ፣ የልብ ቱቦ አለመዘጋት፣ መስማት አለመቻልና የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ነው። ይህ ለዓለም የታወቀው እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በ1941 የሲድኒው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው ስለተወለዱ 78 ሕፃናት ሲጽፍ፣ ከጥቂቶቹ በቀር እናቶቻቸው በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር አሳየ።

ያንኑ አገር የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ሩቤላን ያስወገደ ብሎ መሰከረለት። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? ቫይረሱ ከአገሩ ጠፋ እንጂ ከዓለም አልጠፋም፤ በአውሮፕላን ይገባል። ራቅ ያሉት መንደሮችም ሰው የሚመስለውን ያህል የተዘጉ አይደሉም። ጎብኚ ይመጣል፣ ግንበኛ ይመጣል፣ ለስድስት ሳምንት ብቻ የሚቀጠር ነርስ ይመጣል። ቫይረሱን ወደ እናቶች ክፍል ይዞ የሚገባው የጤና ሠራተኛው ራሱ ሊሆን ይችላልና፣ ወደ እንደዚህ ያለ ክሊኒክ የምትሄዱ ባልደረቦች የራሳችሁን የሁለት መጠን ክትባት ማስረጃ ሳትይዙ አትሂዱ።

ክፍተቱ ከየት መጣ የሚለውን ማወቅ ሥራውን ያቀናል። አውስትራሊያ በ1971 ክትባቱን የጀመረችው በትምህርት ቤት ላሉ ልጃገረዶች ነበር። የከተማዋ ልጅ ነርሷ የመጣች ቀን ክፍል ውስጥ ነበረች። የራቀው መንደር ልጅ ግን ያን ቀን በዘመድ ለቅሶ ሌላ መንደር ሄዳለች፣ ወይም መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ነርሷ አልመጣችም፣ ወይም ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ቀድማ ትታለች። በ1989 የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ለሕፃናት መሰጠት ሲጀምር፣ ቫይረሱም ከአካባቢው እየጠፋ ሄደ። በመሀል የቀሩት ልጃገረዶች በሽታው አልያዛቸውም፣ ክትባቱም አልደረሳቸው። ከሰሜናዊ ግዛትና ከሰሜን ኩዊንስላንድ ራቅ ያሉ ስፍራዎች የወጡ ጥናቶች የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሴቶች ከሌሎች ይልቅ ለሩቤላ ተጋላጭ መሆናቸውን ያሳዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ነገር ደፍረን እንናገር። «እነሱ ክትባት አይወዱም» የሚል ወሬ ክሊኒክ ውስጥ ሲነገር ብትሰሙ አትቀበሉት። በ5 ዓመታቸው የሚለካው የአቦርጂናል ሕፃናት የክትባት ሽፋን ለዓመታት ከሌላው ሕዝብ ልጆች ከፍ ብሎ ቆይቷል። ልጁን በየጊዜው የምታስከትብ እናት ራሷ ሳትከተብ ከቀረች፣ ችግሩ እሷን ማን ጠየቃት የሚለው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» የሚለውን ቃል ብቻ አትዩ፤ ቁጥሩን እዩ። የአይጂጂ (ከክትባት ወይም ከበሽታ በኋላ በደም ውስጥ የሚቀረው ፀረ እንግዳ አካል) መጠን በብዙ ላቦራቶሪዎች በሚሊ ሊትር 10 ዓለም አቀፍ ዩኒት ከደረሰ መከላከያ አላት ይባላል። ነገር ግን የምርመራ መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የአንዲት ሴት አንድ ደም በአንዱ 12፣ በሌላው 8 ሊል ይችላል። ሴቲቱ ከአንድ መንደር ወደ ሌላ ስትዘዋወር ደሟም ወደተለያየ ላቦራቶሪ ስለሚሄድ፣ «ያኔ መከላከያ ነበራት፣ አሁን ጠፋ» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ልዩነት ነው። በሕፃንነታቸው በተከተቡ ወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከዓመታት ጋር ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ ጥበቃ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ መፈለግ ያለበት የክትባት መዝገብ ነው።

መዝገቡ ራሱ ቀዳዳ አለው። የአገሪቱ የክትባት መዝገብ በ1996 ሲጀመር ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ብቻ ይይዝ ነበር፤ በሁሉም ዕድሜ ያለን ሰው መያዝ የጀመረው በ2016 ነው። በ1980ዎቹ የተወለደች እናት እዚያ ላይ ባዶ ሆና ብትታይ አልተከተበችም ማለት አይደለም፣ ተከትባለች ማለትም አይደለም። የክሊኒኩን የድሮ የወረቀት ማኅደር፣ ቀድሞ የኖረችበትን መንደር ክሊኒክና የወለደችበትን ሆስፒታል ጠይቁ።

ስም ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። በመካከለኛው አውስትራሊያ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም። ሞክሼ የሆነ ሰው በሕይወት ካለ ለጊዜው ኩማንጃዪ ወይም ክዌሜንትያዬ በሚል ምትክ ስም ይጠራል። አንዲት ሴት በልጅነቷ በአንድ ስም፣ ከለቅሶ በኋላ በሌላ፣ ሆስፒታል ስትገባ ደግሞ በባሏ የቤተሰብ ስም ተመዝግባ ልትገኝ ትችላለች። ሦስት ማኅደር፣ አንዲት ሴት። የልደት ቀኗን፣ የሆስፒታል ቁጥሯንና የእናቷን ስም አስተያዩ። ይህን የሚያውቁት የመንደሩ ተወላጅ የሆኑት የአቦርጂናል የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ከኮምፒዩተሩ በፊት እነሱን ጠይቁ፤ የሟች ስም ግን ጮክ ብላችሁ አትጥሩ።

መከላከያ የላትም የተባለችው እናት በእርግዝናዋ ወቅት ማወቅ የሚገባት ሦስት ነገር ነው፦ ሽፍታ ካለበት ሰው እንድትርቅ፣ ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር ከተገናኘች በዚያው ቀን እንድትነግረን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ መርፌ እንዳላት። ይህን በእንግሊዝኛ በችኮላ ነግራችሁ አንገቷን ብትነቀንቅ ገብቷታል አትበሉ። ለነርስ «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍራት ሴት ብዙ ናት፤ እዚያ «ሼም» የሚሉት ከእኛ «ይሉኝታ» ጋር የሚቀራረብ ስሜት አለ። በዮልንጉ ማታ፣ በዋርልፒሪ፣ በቲዊ ወይም በክሪዮል ቋንቋ የሚያስረዳ የግዛቱ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል። ወንድ አስተርጓሚ አትቀበሉ፤ የእርግዝና ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ወንድ ባለበት አይወራም። ካስረዳችሁ በኋላ «ለእህትሽ እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» ብላችሁ መልሳ እንድትናገር አድርጉ።

ከተጋለጠች ደግሞ ሥራው ሰዓት አይሰጥም። በሽተኛው ሽፍታው ከመውጣቱ 7 ቀን በፊትና ከወጣ 7 ቀን በኋላ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዛሬ ሽፍታ የታየበት ልጅ ባለፈው እሁድ ከማን ጋር እንደነበረ ጠይቁ። ከነፍሰ ጡሯ ወዲያው ደም ቅዱ። በወረቀቱ ላይ የእርግዝናውን ሳምንትና የተጋለጠችበትን ቀን ጻፉ፤ ያለ ቀኑ ላቦራቶሪው ውጤቱን መተርጎም አይችልም። የመጀመሪያ ክትትሏ ደም ላቦራቶሪ ተቀምጦ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲመረምሩ ጠይቁ። አይጂጂ ከሌላት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ያም አሉታዊ ከሆነ ከተጋለጠች በ6ኛው ሳምንት ይደገማል። ሩቤላ በሕግ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ነው፤ ለግዛቱ የበሽታ ቁጥጥር ክፍል በዚያው ቀን ስልክ ይደወላል። ከተጋለጠች በኋላ የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ፅንሱን በአስተማማኝ ሁኔታ አያድንም፤ መርፌ ተወግታለችና ዳነች ብላችሁ አታረጋጓት።

አይጂኤም (በአዲስ ኢንፌክሽን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል) ላይ እናሳስባለን። ሽፍታም ግንኙነትም ለሌላት ነፍሰ ጡር የአይጂኤም ምርመራ አትዘዙ። በፓርቮ ቫይረስ፣ በሌላ ኢንፌክሽን ወይም በሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት በሐሰት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። በዚያ ብቻ ተመሥርቶ ለእናት መርዶ መንገር ግፍ ነው። አዎንታዊ ከመጣ አቪዲቲ የሚባለው የአይጂጂ ጥንካሬ ምርመራ ይታዘዛል፤ ደካማ ከሆነ ኢንፌክሽኑ የቅርብ ነው፣ ጠንካራ ከሆነ የቆየ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ወደ መውለጃው። ለወሊድ ስትሸኟት የሪፈር ወረቀቱ ውስጥ ሩቤላን በአራተኛው ገጽ ከላቦራቶሪ ሰንጠረዥ ጋር ቀብራችሁ አትላኩት። ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ጻፉት፦ «ለሩቤላ መከላከያ የላትም። ከወለደች በኋላ፣ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ጥምሩ ክትባት ይሰጣት። ቀኑንና የባች ቁጥሩን ለክሊኒኩ መልሱልን።» ለእሷም በእጅ የምትይዘው ወረቀት ስጧት። ሆስፒታሉ ውስጥ መርፌው የሚቀረው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ከወሊድ በኋላ ቶሎ ወደ ቤት ለመመለስ የምትቸኩል እናት ቅዳሜ ወይም እሁድ ስትወጣ። የመድኃኒት ትእዛዙ ዓርብ ካልተጻፈ መርፌው አይሰጥም። አንዳንዷ ደግሞ ከማዋለጃ ክፍሉ ወጥታ እናቶች ማረፊያ ቤት ገብታ አውሮፕላኗን ትጠብቃለች፤ እዚያ ማንም አይከትባትም። ስለዚህ የክሊኒኩ አዋላጅ መውለዷን በሰማችበት ቀን ወደ ሆስፒታሉ ደውላ ትጠይቅ፤ አምስት ደቂቃ የማይሞላው ይህ ስልክ ከሁሉም በላይ ሠርቶልናል።

ካልተሰጣት ስትመለስ ክሊኒኩ ይሰጣታል። መቼ? ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ ለክትባት ሲመጣ እናቲቱም አብራ አለች። በሕፃኑ የክትባት ቀጠሮ ላይ የእናቲቱን ስም አብራችሁ ጻፉ። ሌላም በር አለ። በእነዚህ መንደሮች የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው፤ ብዙ ወጣት ሴቶችም በየ21 እስከ 28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ለመወጋት ይመጣሉ። ፔኒሲሊኑ ክትባቱን አይከለክልም፤ በአንድ ቀን በተለያየ ቦታ ይሰጣሉ።

መርፌውን ስትሰጡ ጠይቁ፦ እርጉዝ ናት? የበሽታ መከላከያ አቅምን በጣም የሚያዳክም ሕመም ወይም መድኃኒት አለ? ከቀድሞ መጠን፣ ከኒዮማይሲን ወይም ከጄላቲን ከባድ አለርጂ ደርሶባታል? ባለፉት 4 ሳምንታት ሌላ ሕያው ክትባት በመርፌ ወስዳለች? ከወሊድ ጋር ደም ተሰጥቷታል? ደም ከወሰደች በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ሊያከሽፍ ይችላል፤ እንደ ደሙ ዓይነትና መጠን መመሪያው ከ3 እስከ 11 ወር መጠበቅን ይጠይቃል። ቀኑን አስልታችሁ የማስታወሻ ሥርዓቱ ላይ ዛሬውኑ አስገቡ፤ «በኋላ» ብሎ የጻፈ ሰው አልጻፈም። አንቲ-ዲ (የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ለሆነ እናት የሚሰጥ መርፌ) የወሰደች እናት ግን አትጠብቅም፤ በሌላ ሲሪንጅ፣ በሌላ ቦታ ይሰጣታል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደሟ ይታያል። ጡት ማጥባት አይከለክልም።

ለ28 ቀን እንዳታረግዝ ንገሯት። ኢምፕላኖን (ክንድ ውስጥ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ) የምትፈልግ ከሆነ በዚያው ቀን ይደረግላት። ሳታውቅ እርጉዝ ሆና ብትከተብ እርግዝናዋን እንድታቋርጥ የሚያደርግ ምክንያት አይደለም፤ ከክትባቱ የተነሣ በሩቤላ የተጎዳ ሕፃን መወለዱ ተመዝግቦ አያውቅም። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣቶቿንና ጉልበቶቿን ሊያማት ይችላል፤ መከላከያ ከሌላቸው አዋቂ ሴቶች እስከ ሩብ የሚሆኑት ላይ ይታያል፣ ያልፋልም። ሳይነገራት ካመማት ለሚቀጥለው መርፌ አትመጣም፣ እህቷንም ታስቀራለች።

ክትባቱ ዱቄትና መበጥበጫ ሆኖ ይመጣል፤ መጠኑ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ከራሱ መበጥበጫ በቀር በሌላ አይበጠበጥም፣ ከተበጠበጠ በኋላ ወዲያው ይሰጣል። ጠላቱ ሙቀትና ብርሃን ነው። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሆኖ ዓላማችን 5 ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ዝቅተኛና ከፍተኛው ይመዘገባል። ከተማ ስትሆኑ የማታስቡት ነገር እዚህ አለ፦ ጄኔሬተሩ ሌሊት ቆሞ ጧት ሲነሣ ፍሪጁ ደህና መስሎ ይታያል። ከፍተኛውን ንባብ ያላየ ነርስ የተበላሸ ክትባት ይወጋል፣ ሴቲቱም ተከተብሁ ብላ ትኖራለች። የሙቀት መጠኑ ከተላለፈ ክትባቱን አትጣሉም አትጠቀሙም፤ «አይነካ» ብላችሁ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ለዩትና ለግዛቱ የክትባት ክፍል ደውሉ።

እርጉዝ ላልሆነች ወጣት ሴት ምክራችን አጭር ነው፦ የሁለት መጠን ማስረጃ ከሌላት ሳትመረምሩ ክተቧት። መከላከያ ያላትን ሴት መከተብ አይጎዳትም፤ ደም ቀድቶ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ግን ወደ ሌላ መንደር እንድትሄድባችሁ ያደርጋል። ዓመታዊው የአቦርጂናል ጤና ምርመራ፣ በመንግሥቱ የጤና መድን በሜዲኬር ቁጥሩ 715 የሚባለው፣ ለዚህ የተመቸ ቀን ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆናችሁ እህቶችም አንድ ቃል፤ የአውስትራሊያ የክትባት መመሪያ ከአቦርጂናል ሴቶች ጋር ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጡ ሴቶችንም መከላከያ ላይኖራቸው ይችላል ብሎ ይጠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በልጅነታችን የተወጋነው የኩፍኝ ክትባት ኩፍኝን ብቻ እንጂ ሩቤላን አልያዘም ነበር። ሩቤላን አንዳንዶች «የጀርመን ኩፍኝ» ስለሚሉት፣ ሐኪም «ተከትበሻል?» ሲላችሁ «ኩፍኝ ተከትቤያለሁ» ብሎ መመለስ ስሕተት ያስከትላል። በዱባይም ሆነ በቴል አቪቭ፣ በሜልቦርንም ሆነ በዋሽንግተን፣ ለማርገዝ ከማሰባችሁ በፊት ሩቤላን በስሙ ጠይቁ።

ከተከተበች ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ደሟ ይታያል፤ ዝቅ ካለ ሁለተኛ መጠን ይሰጣል። ሁለት መጠን መውሰዷ በማስረጃ ተረጋግጦ ቁጥሩ አሁንም ዝቅ ቢል ግን ቁሙ። ከዚያ በኋላ ሌላ መርፌ ቁጥሩን ብዙም አያነሣውም፤ በየእርግዝናዋ «መከላከያ የለሽም» እየተባለች የምትደነግጥ እናት ግን ክሊኒኩን ትጠላዋለች። በማኅደሯ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ሁለት መጠን ወስዳለች፣ ቀኖቹ እነሆ፣ ከእንግዲህ አይደገም፤ ሽፍታ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኘች ግን ደሟ ይመርመር» ብላችሁ ጻፉ፤ በዚያው ቀን በአገሪቱ መዝገብም ላይ አስገቡት፣ በቀጣዩ ዓመት እዚያ የምትቀመጠው ነርስ ሌላ ናት።